«ነዘረኝ» የማይል ልጅ

አዋቂ ሰው ላይ ኤፒዱራል፣ ማለትም በጀርባ በኩል ነርቮች አጠገብ በመርፌ የሚሰጥ ማደንዘዣ፣ ስሠራ ታካሚው ያወራኛል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ትራስ አቅፎ፣ ወገቡን ወደ እኔ አጉብጦ። ማጽጃው ሲነካው «ይቀዘቅዛል» ይላል። መርፌው ሲገባ «ተጫነኝ» ይላል። መርፌው መስመሩን ስቶ ነርቭ ከተጠጋ ደግሞ ድንግጥ ብሎ «ግራ እግሬን ነዘረኝ!» ይለኛል። እኔም ባለሁበት ቀጥ እላለሁ። መርፌዬን መለስ አደርግና አቅጣጫውን አስተካክላለሁ።

ልጅ ላይ ይህ የለም። ልጅ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ነው የሚሠራለት። ጀርባውን ሰጥቶኝ በጎኑ ተኝቷል፣ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ታጥፏል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሞኒተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ብሳሳት የሚነግረኝ የለም።

የአኔስቴዥያ ባለሙያ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከልጆች ጋር ነው። ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ የልጇ ኦፕሬሽን ቀን ደርሶ ደወለችልኝ። «ወገቡ ላይ መርፌ እንወጋዋለን አሉኝ፤ ምንድን ነው እሱ? ሽባ ቢያደርግብኝስ?» አለችኝ። ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳኋት። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን ያልነገርኳት ብዙ ነገር እንዳለ ተሰማኝ። ከዚያ ስልክ የተረፈውን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደሚያስፈልግ ልበል። ሕፃናት ሕመም አይሰማቸውም፣ ቢሰማቸውም አያስታውሱትም ተብሎ የታመነበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 አናንድ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ኦክስፎርድ ላይ አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱ የተሠራው ያለጊዜያቸው ተወልደው የልብ አካባቢ ኦፕሬሽን በሚደረግላቸው ሕፃናት ላይ ነበር። አንዱ ቡድን እንደ ወትሮው ቀለል ያለ ጋዝና ጡንቻ የሚያስር መድኃኒት ብቻ ተሰጠው። ሌላው ቡድን ፌንታኒል የተባለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ተጨመረለት። ፌንታኒል ያላገኙት ሕፃናት ማልቀስ አይችሉም፣ ጡንቻቸው ታስሯል። ደማቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን ግን ሽቅብ ወጥቶ ነበር፤ ከኦፕሬሽኑ በኋላም የባሰ ችግር የገጠማቸው እነሱ ናቸው። ይህን ጥናት ተማሪ ሆኜ ሳነብ ሆዴ ተገላበጠ። ዛሬም ሳስበው ያው ነው።

ታዲያ ለምን ፌንታኒል ወይም ሞርፊን ሰጥቶ መገላገል አይቻልም? ይቻላል፣ እንሰጣለንም። ግን እነዚህ መድኃኒቶች የሕፃን ትንፋሽ ያዳክማሉ። ማታ ዋርድ ውስጥ አንዲት ሲስተር ስንት አልጋ እንደምትይዝ የሚያውቅ ሰው፣ ሞኒተር ሳይደረግለት ለተኛ ሕፃን ሞርፊን ጽፎ ወደ ቤቱ ለመሄድ ልቡ አይፈቅድለትም። ከወገብ በታች ወይም ከሆድ በታች ያለውን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ካለ ግን ልጁ ራሱ ይተነፍሳል፣ የምንሰጠው ሃሎቴን፣ የሚያስተኛው ጋዝ፣ ይቀንሳል፣ ሲነቃም እየጮኸ ሳይሆን ዓይኑን እያሻሸ ይነቃል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል።

እኛ አገር ለልጆች በብዛት የምንሠራው ካውዳል ነው። የሚገባው ያው ኤፒዱራል ወደሚገባበት ቦታ ነው፤ ልዩነቱ በሩ ከታች፣ ከጭራ አጥንት በላይ መሆኑ ነው። አዲስ ነገር አይደለም። ሜሬዲት ካምቤል የተባለ የኒውዮርክ የሽንት ቧንቧ ሐኪም በልጆች ላይ ሠርቶ ጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ብዙ ዕቃም አይጠይቅም። አንድ ካኑላ (ላስቲክ የለበሰ መርፌ)፣ አንድ ሲሪንጅ፣ ንጹሕ ጓንት፣ መድኃኒቱ፣ ከዚያ የሚያውቅ እጅ።

አንዱን ልጅ ልንገራችሁ። 3 ዓመቱ ነው፣ ቡአ አለበት። እናቱ ከገጠር አዝላው ነው የመጣችው። ካርዱ ላይ ክብደቱ 15 ኪሎ ይላል። ልጁን ሳየው 15 አልመሰለኝም። የልጅ ሚዛን አጠገባችን ስላልነበረ እናቱን «እስቲ እናቴ፣ ይዘሽው ውጪ» አልኳት፣ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ከዚያ ልጁን ለሲስተር ሰጥታ ብቻዋን ወጣች። ልዩነቱ 12 ኪሎ ሆነ። ሦስት ኪሎ ለአዋቂ ምንም አይደለም። ለዚህ ልጅ ግን በ15 ሂሳብ ብሠራ ኖሮ መድኃኒቱ በአንድ አራተኛ ይበልጥበት ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የምናደነዝዝበት መድኃኒት፣ ቡፒቫኬይን፣ ለልጅ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ2.5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፣ ለጨቅላ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መጠኑን በሚሊ ሊትር የምንወስነው አርሚቴጅ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ስሌት ነው። ለግርዛትና ለመቀመጫ አካባቢ በኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ለቡአ 1 ሚሊ ሊትር፣ ከፍ ላለ ሆድ 1.25። አሁን ልብ በሉ። 0.25 በመቶ የሆነው ቡፒቫኬይን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 2.5 ሚሊ ግራም አለው። ስለዚህ በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ስሰጥ ጣሪያው ላይ ደርሻለሁ፣ 1.25 ከሰጠሁ አልፌዋለሁ። መድኃኒቱ ከፍ ብሎ እንዲደርስ ከፈለግኩ ማቅጠን አለብኝ ማለት ነው። ለዚያ 12 ኪሎ ልጅ ከ0.5 በመቶው ብልቃጥ 4.8 ሚሊ ሊትር ቀዳሁ፣ 7.2 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውኃ) ጨመርኩበት፤ 12 ሚሊ ሊትር፣ 24 ሚሊ ግራም፣ በኪሎ 2። ቁጥሩን ለሲስተር ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ እሷም ደግማ አሰላችው። ብልቃጡንም አብረን አነበብነው፤ ለስፓይናል፣ ለሌላው ዓይነት የወገብ ማደንዘዣ፣ የሚመጣው ስኳር ያለበት፣ «ሄቪ» የምንለው ቡፒቫኬይን እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ዕቃችን ጥቂት ስለሆነ እንዲህ ያሉ ነገሮች ይጎራበታሉ፤ ስለዚህ ማንበብ ነው፣ ደግሞ ማንበብ።

ልጁን በግራ ጎኑ አስተኛነው። ማጽጃውን ቀባሁና እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ይህቺን መጠበቅ ብዙ ሰው ይዘላታል፣ እርጥቡ ማጽጃ በመርፌ ተጎትቶ ነርቭ ጋ መድረስ የለበትም። ከዚያ በአመልካች ጣቴ ከመቀመጫው ስንጥቅ ከፍ ብዬ ዳበስኩ። ቆዳው ሥር እንደ ሁለት ሽምብራ የሚሰሙ ጉብታዎች አሉ። በመሃላቸው ጣት ስምጥ የምትልበት ቦታ አለች። እሷ ናት በሩ። ከላይ ካሉት ሁለት የዳሌ አጥንት ጉብታዎች ጋር በዓይን ብታያይዟት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ካልወጣ ጣታችሁ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ሰማያዊዋን ካኑላ፣ 22 ቁጥሯን፣ በ45 ዲግሪ ገደማ አስገባሁ። ቆዳው እሺ ይላል፣ ከዚያ ትንሽ ይለግማል፣ ከዚያ «ጧ»። በጆሮ አይሰማም፣ ጣት ላይ ነው የሚሰማው፤ የተወጠረ ብራና በመርፌ እንደመብሳት ነው። መርፌውን ዝቅ አድርጌ ሚሊ ሜትሮች ገፋ አደረግኩና ላስቲኩን ብቻውን አንሸራተትኩት። ይህ የምወደው ፈተና ነው። ላስቲኩ እንደ ልብ ከገባ ቦታው ላይ ነኝ። ከታጠፈ ወይም ከገታኝ አይደለሁም፤ አውጥቼ ከጣቴ እጀምራለሁ።

ወደ ውስጥ ግን ጠልቄ አልሄድም። ምክንያቱ የልጅ ጀርባ የአዋቂ ጀርባ ትንሽ ቅጂ አለመሆኑ ነው። የአዋቂ ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው አንደኛው ወይም ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ ጋ ነው። አዲስ በተወለደ ሕፃን ላይ ግን እስከ ሦስተኛው ይወርዳል። ነርቮቹን የያዘው፣ ውኃ ያለበት ከረጢትም እስከ ሦስተኛውና አራተኛው የቅዱስ አጥንት (ከወገብ በታች ያለው የአከርካሪ አጥንት) ክፍል ድረስ ይመጣል፤ ዓመት ሲሞላው ነው ወደ ሁለተኛው ከፍ የሚለው። የዳሌውን ሁለት ጫፍ የሚያገናኘው መስመር እንኳ፣ አዋቂ ላይ የምንተማመንበት፣ ሕፃን ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። በአዋቂ ልምድ ብቻ ሕፃን ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ሳይ ልቤ ይፈራል።

ካኑላዋን ከፍቼ ትንሽ ጠበቅኩ፤ ደም ወይም ውኃ ጠብ ይል እንደሆነ። የለም። ሳብኩ፣ የለም። ከዚያ ግራ እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ መድኃኒቱን ትንሽ በትንሽ፣ እያቆምኩ ሰጠሁ። ግራ እጄ እዚያ ያለበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት፣ ሥራ ገና ስጀምር፣ አንድ የ2 ዓመት ልጅ ላይ ካውዳል ሠራሁ። «ጧ» ያለ መሰለኝ። መድኃኒቱን ገፋሁ፣ ገባ። እጄን ጀርባው ላይ አላደረግኩም። ኦፕሬሽኑ ሲጀመር የልብ ምቱ ጨመረ፣ ሃሎቴኑን ከፍ አደረግኩለት። ተረጋጋ። አለቀ። ልጁ ሲነቃ ጮኸ። እግሩን ይወራጫል፣ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ እናቱ ስታቅፈው ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል። እናቱ «ዶክተር፣ ምን ሆኖብኝ ነው?» አለችኝ። እኔ «ርቦት ነው፣ ከሌሊት ጀምሮ አልበላም» አልኳት። እሷም አመነችኝ። ጡት ሰጠችው፣ አልያዘም። እንደገና ሰጠችው፣ አልያዘም።

አንዲት አንጋፋ ሲስተር ናት ልጁን ገልብጣ ጀርባውን ያየችው። ከጭራው በላይ ቆዳው እንቁላል ያክል አብጦ ነበር። ሰጠሁ ያልኩት መድኃኒት በሙሉ ቆዳው ሥር ተቀምጧል። ለልጁ ምንም አልሠራለትም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ እየጮኸ የነበረው ቁስሉን ነው። በደም ሥሩ ትንሽ በትንሽ ፌንታኒል ሰጥተነው አጠገቡ ቆየሁ። ሲያስታግስለት እናቱ ትከሻ ላይ ተኛ። እናቱን «ርቦት አልነበረም፣ አሞት ነው፣ የሰጠሁት መድኃኒት ቦታውን ስቷል» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና «እኔስ ርሃቡን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ አያለቅስም» አለች።

ያ ቃል አልወጣልኝም። ልጁ በሚችለው ሁሉ ነግሮኝ ነበር። መጀመሪያ በልብ ምቱ፣ ቀጥሎ በእግሩ፣ ቀጥሎ በጩኸቱ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ስሰጥ ግራ እጄ ከልጁ ጀርባ ተነስቶ አያውቅም። ቆዳው ከፍ ካለ ጣቴ ይሰማዋል፣ አቆማለሁ። ከኦፕሬሽን በኋላም ፍላክ የሚባለውን መለኪያ ሳልሞላ አልወጣም፦ ፊቱ፣ እግሩ፣ እንቅስቃሴው፣ ለቅሶው፣ ሲያባብሉት መረጋጋቱ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ ድምሩ ከ10። ለማይናገር ልጅ የተሠራ መለኪያ ነው። እናትንም እጠይቃለሁ። ቁጥሩ ውስጥ አትገባም፣ ግን እጠይቃታለሁ።

ተኝቶ መሠራቱ ራሱ ያከራከረ ጉዳይ ነበር። አዋቂን እያነጋገርን የምንሠራው ለደህንነቱ ከሆነ ልጅን አስተኝቶ መሥራት እንዴት ይፈቀዳል? የሚሉ ነበሩ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የ3 ዓመት ልጅ ነቅቶ፣ ፈርቶ፣ አራት ሰው ይዞት ሲወራጭ፣ መርፌው ከህብለ ሰረሰሩ ሚሊ ሜትሮች ርቀት ላይ ሆኖ አስቡት። አደጋው እዚያ ነው ያለው። አሜሪካ ውስጥ የልጆች ሆስፒታሎች ተባብረው የሠሩትን እየመዘገቡ ነው የቆዩት። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ዘገባቸው ከ100,000 በላይ በልጆች ላይ የተሠሩ፣ የሰውነትን አንድ ክፍል ብቻ የሚያደነዝዙ ማደንዘዣዎች ታይተው ቋሚ የነርቭ ጉዳት የደረሰበት ልጅ አልተገኘም። አብዛኞቹ ተኝተው የተሠሩ ናቸው። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የ5 ዓመት መዝገባቸውን አወጡ፦ 10,633 ኤፒዱራል፣ ከዓመት በኋላም ጉዳቱ ያልለቀቀው አንድ ልጅ። አንድም ቢሆን ልጅ ነው፤ ለጓደኛዬ «ምንም አይሆንም» ያላልኳት ለዚህ ነው። ያልኳት «ሽባ የመሆን ነገር እጅግ አልፎ አልፎ ነው፣ እኛም የምንጠነቀቀው እሱ እንዳይመጣ ነው» ነው። የሥራ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ወላጅ ስለ ሽባነት ሲጠይቃችሁ አትቆጡ። ሰፈር ውስጥ የሰማው ነው፣ ልጁን ስለሚወድ ነው የጠየቀው።

ሌላው ልጁ የማይነግረን ነገር መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ መግባቱን ነው። አዋቂ ሰው «ጆሮዬ ጮኸብኝ»፣ «አፌን ብረት ብረት አለኝ» ይላል፣ ምላሱ ይደነዝዛል፣ እኛም እናቆማለን። የተኛ ልጅ ላይ የመጀመሪያው ምልክት የልብ መዛባት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ትንሽ አድሬናሊን ያለበት የሙከራ መጠን እንሰጣለን፣ በኪሎ 0.1 ሚሊ ሊትር፤ አድሬናሊኑ በሚሊ ሊትር 5 ማይክሮ ግራም። ከዚያ ዓይን ሞኒተሩ ላይ። የልብ ምቱ በ10 ከጨመረ፣ ወይም የልብን ኤሌክትሪክ በሚያሳየው ኢሲጂ ላይ ቲ የምንላት ሞገድ ድንገት ሽቅብ ከተነሳች፣ ደም ሥር ውስጥ ነን። ሃሎቴን ላይ ያለ ልጅ የልብ ምቱ ላይጨምር ስለሚችል ሞገዷን ነው አጥብቄ የማያት። አንድ ጊዜ የ8 ወር ሕፃን ላይ አየኋት። ስስብ ደም አልመጣም ነበር፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። የሙከራውን መጠን ከሰጠሁ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ሞገዷ እንደ ድንኳን ተነሳች። ካኑላዋን አወጣሁ። ለመጥፎ ቀን የሚሆነው፣ ማደንዘዣው ደም ውስጥ ገብቶ ሲመርዝ የሚሰጠው ሊፒድ የተባለው ነጭ ፈሳሽ፣ 20 በመቶው፣ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር የሚጀመረው፣ በእጃችን ነበር፤ አላስፈለገም። ሊፒድ ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ይህን ሥራ መጀመር የለብንም ብዬ አምናለሁ፣ ይህን ደግሞ በየስብሰባው እናገራለሁ።

ካውዳል በአንድ መርፌ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቢቆይ ነው። ለቡአ ይበቃል። ትልቅ ሆድ ለተከፈተ ልጅ ግን ቀናት ነው የሚያስፈልገው፤ ለዚህም ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ መድኃኒቱ ያለማቋረጥ እንዲገባ ይደረጋል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ፣ ቦሰንበርግ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ የሐሞት ቧንቧቸው የተዘጋ ሕፃናት ላይ ካቴተሩን በካውዳል በኩል አስገብተው ሽቅብ እስከ ደረት አከርካሪ ድረስ ገፉት። ደረት ላይ በመርፌ መግባት ሕፃን ላይ ያስፈራል፣ ህብለ ሰረሰሩ እዚያው ነው። ከታች ገብቶ ላይ መድረስ ግን ሕፃን ላይ ይቻላል፣ እዚያ ቦታ ያለው ስባቸው ገና ለስላሳና ልል ስለሆነ ካቴተሩን አይገታውም። ዕድሜ ሲጨምር ይጠነክራል፣ ካቴተሩም ይጠማዘዛል። ዛሬ ጫፉ የት እንደደረሰ በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል፣ የሕፃን አከርካሪ ገና ለጋ አጥንት ስለሆነ ድምፁ ያልፋል። በካቴተሩ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ልከው የትኛው ጡንቻ እንደሚነቃነቅ የሚያዩም አሉ። ያለው ይጠቀምበት። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ደርባን ስለሆነ ነው፤ ዓለም የተማረበት ዘዴ ከእኛው አህጉር ኦፕሬሽን ክፍል ወጣ።

እኔ የመጀመሪያውን የልጅ ኤፒዱራል ካቴተር ያስገባሁት አንድ 6 ዓመት ልጅ ላይ ነው። 18 ኪሎ። ኩላሊቱ ላይ ዕጢ ነበረው፣ ሆዱ ከጎን እስከ ጎን ነው የሚከፈተው። አስተማሪዬ ከጀርባዬ ቆመዋል። 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት የልጅ ቱኦሂ መርፌ (የኤፒዱራል መርፌ) ነበረችን፣ በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያላት። ከመጀመሬ በፊት «ቦታውን ስንት ላይ ትጠብቀዋለህ?» አሉኝ። በኪሎ 1 ሚሊ ሜትር ነው ስሌቱ፣ 6 ወር እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች በግርድፉ ይሠራል። «18 ሚሊ ሜትር» አልኳቸው። «እንግዲያው ከ15 ጀምሮ አትቸኩል» አሉኝ።

ከታችኛው የደረት አከርካሪ መሃል ገባሁ። ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ሳላይን ነው፣ አየር አይደለም፤ ልጅ ላይ አየር ደም ሥር ከገባ አደጋ ነው። ግራ እጄ የልጁ ጀርባ ላይ ተደግፎ መርፌዋን ይዟል፣ ልጁ ሲተነፍስ እጄም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀኝ አውራ ጣቴ ሲሪንጁን ይጫናል፤ ቦታው ላይ ስደርስ ሳላይኑ በድንገት ይገፋል። አልገፋም ይላል። አንድ ሚሊ ሜትር። አልገፋም። አዋቂ ላይ ቢጫው ጅማት፣ ከኤፒዱራሉ ቦታ በፊት ያለው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲበሳ ያስታውቃል። ልጅ ላይ ለስላሳ ነው፣ እንዲያውም ካልተጠነቀቅክ ሳይነግርህ ታልፈዋለህ። ሦስተኛው ምልክት ቆዳው ውስጥ ገባ። አስተማሪዬ ምንም አይሉም፣ ትንፋሻቸው ግን ይሰማኛል። ሌላ አንድ ሚሊ ሜትር። ሌላ። አራተኛው ምልክት ቆዳው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሳላይኑ ከአውራ ጣቴ ሥር አመለጠ። ለስለስ ብሎ፣ ቅቤ ውስጥ እንደመግባት። እጄ ቆመ።

ካቴተሩ 4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀረ፣ ቆዳው ላይ 6 ይነበባል። ስበን አየን፣ የሙከራ መጠን ሰጠን፣ ሞገዷን ጠበቅን። ጸጥ ያለች ናት። ካቴተሩን በሚያሳይ ፕላስተር አጣበቅነው፤ ልጆች ላይ ዙሪያውን መፍሰስ የተለመደ ስለሆነ ማጣበቁ ራሱ ሙያ ነው፣ ካቴተሩን በቆዳ ሥር አሳልፎ ሌላ ቦታ ማውጣትም ይረዳል። ሰርጀኑ ሲቀድ የልብ ምቱ 96 ነበር። ከቀደደ በኋላም 96።

ያን ሌሊት ሦስት ጊዜ ዋርድ ሄድኩ። ተረኛ አልነበርኩም። ፓምፑ 0.1 በመቶ ቡፒቫኬይን በሰዓት 4 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ለዚህ ዕድሜ ጣሪያው በሰዓት በኪሎ 0.4 ሚሊ ግራም ነው፣ ልጁ ላይ በሰዓት 7.2 ሚሊ ግራም ይሆናል። ቁጥሮቹን ነጭ ፕላስተር ላይ በትልቁ ጽፌ ፓምፑ ላይ ለጠፍኳቸው፣ ማታ የሚገባ ሁሉ እንዲያያቸው። መስመሩንም «ኤፒዱራል» ብዬ ጻፍኩበት፣ ማንም ሰው በጨለማ የደም ሥር መድኃኒት እንዳይሰጥበት። ለአባቱ አንድ ሥራ ሰጠሁት። «ጋሼ፣ በየሁለት ሰዓቱ የእግሩን ጣቶች ያንቀሳቅስ። እምቢ ካለው በማንኛውም ሰዓት አስጠሩኝ» አልኩት። በ9 ሰዓት ሌሊት ስገባ አባትየው ወለሉ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንድ እጁን የልጁ እግር ላይ አድርጎ ተኝቷል። ስቀርብ ነቃ። «አሁን አነቃነቃቸው» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

በሦስተኛው ቀን ካቴተሩን አወጣሁ። ቀስ ብሎ ይሳባል፣ ከለገመ ልጁ እንዲጎብጥ ተደርጎ እንደገና ነው እንጂ በጉልበት አይሆንም። ወጣ። ጫፏ ላይ ያለችው ምልክት መኖሯን ብርሃን ላይ አንስቼ አየሁ፤ ጫፏ ተበጥሳ ውስጥ እንዳትቀር ሁልጊዜ መታየትና መጻፍ አለበት። ልጁ አንገቱን አዙሮ ክሯን አያት። ከኦፕሬሽኑ ጀምሮ ከእኔ ጋር ብዙ አላወራም ነበር።

«ይሄ ነው ሆዴ ውስጥ የነበረው?» አለ።

«ጀርባህ ውስጥ» አልኩት። «አሁን ስትወጣ ምን ተሰማህ?»

ትንሽ አሰበ። «ኮረኮረኝ» አለ።

ካርዱ ላይ ጫፏ ሙሉ መሆኗን፣ ሰዓቱንና ቀኑን ጻፍኩ።